የሚያመሰኳው ትራክተር

በማንኩሳ ገበያ በሬ መራጩ ክንዱ ሳያይለት በሬ የሚገዛ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ከሚስቱ ተጣልቶ የወጣ ነው። የቀረው ሁሉ ገንዘቡን ከመቀነቱ ከመፍታቱ በፊት «አያ ክንዱ፣ እስቲ ይዩልኝ» ይላል። ክንዱም አይቸኩልም። መጀመሪያ ከሩቅ ቆሞ በሬውን ትቶ ሻጩን ያያል። ከዚያ ጠጋ ብሎ የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ይመለከታል፣ ሻኛውን ይጨብጣል፣ በመጨረሻም አፍንጫውን በመዳፉ ይዳብሳል። አፍንጫው ርጥብ ከሆነ በሬው ጤነኛ ነው። ደረቅ ከሆነ ሻጩ በማርያም ቢምል በጊዮርጊስ ቢገዘት በሬው ታሟል።

ከሁሉ በላይ የሚያምነው ግን ሌላ ምልክት ነበር። «በሬን ሲሠራ አትየው፣ ሥራ ሲያቆም እየው» ይላል። ከቀንበር ወጥቶ ጋደም ብሎ የሚያመሰኳ በሬ ገና ብዙ ያርሳል። ቀንበር ወርዶለት ዝም ብሎ የሚያፈጥ በሬ ግን ሆዱ ውስጥ ነገር አለ፤ ዓመትም አይደርስ።

ትሕትናን ለቀሳውስት ትቶላቸው ነበር። «በዚህ አገር ተሳስተን የማናውቅ እኔና ቅዱስ ሚካኤል ብቻ ነን» ሲል ቄስ ወልደ ዮሐንስ ሰምተው ይቆጡታል፤ በሬ ሊገዙ ሲወጡ ግን መጀመሪያ የሚያስጠሩት ቅዱስ ሚካኤልን ሳይሆን እሱን ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚለው ሰው የራሱ በሬ ይተኛ ነበር።

በሬው ወይኖ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው፤ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያበራ፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ አፍንጫው ዘወትር ርጥብ የሆነ ቆንጆ በሬ ነው። ክንዱ ከደምበጫ ገበያ ገዝቶ ሲያመጣው በመንገድ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ አስደንቋል። በማግስቱ ጠምዶ ወጣ። ወይኖ እስከ ረፋድ ድረስ እንደ ንጉሥ አረሰ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ግን ትልሙ መካከል ቆመ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ ተኛ። ክንዱ ጮኸበት፣ ለመነው፣ ጅራፉን አሰማው፣ ደግሞ ለመነው። ወይኖ የሚነሣው ሲያሻው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኩለ ቀን በደረሰ ቁጥር ይተኛል።

በሬ መራጭ የሚተኛ በሬ መግዛቱ ቢሰማ በማንኩሳ ገበያ ዳግመኛ ማን ይጠራዋል? መልሶ እንዳይሸጠው ዓመሉን መናገር ሊኖርበት ነው፤ ካልተናገረም ቀጣፊ ሊባል ነው። ስለዚህ ደብቆ ያዘው። እየቆየ ደግሞ ወደደው። ጅራፉንም ተወው፤ እኩለ ቀን ሲሆን ወይኖ ይተኛል፣ ክንዱም አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቆሎውን ይቆረጥማል። በጥርሱም በሻኛውም ሳይሳሳቱ የኖሩት ዓይኖቹ በዚህ አንድ በሬ መሸነፋቸው ሳያስቀው አይቀርም፤ ብቻውን ሲሆን ማለት ነው።

ምስጢሩን የሚያውቅ ጎረቤቱ እንዳለው ብቻ ነበር። እንዳለውም ሻሾ የሚባል አንድ በሬ አለው። ሁለቱ ጎረቤታሞች መቀናጆ ናቸው፤ በሬዎቻቸውን አጣምደው አንድ ቀን የአንዱን፣ በማግስቱ የሌላውን መሬት ያርሳሉ። እንዳለው ዝም ያለው ለክንዱ ክብር ብሎ አይደለም። ወይኖ ሲተኛ እሱም ይተኛል፤ ለዚህ የሚሆን ሰበብ ከየትም አያገኝም።

ጣሊያን ቡሬ ከገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ ከማንኩሳ በታች ባለው ሰፊ ጨፌ ላይ ሁለት ትራክተሮች መጡ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ። አገሬው እንደ ከብት ልማዱ ቀዮና ዳለቻ ብሎ ስም አወጣላቸው። ሁለቱም በአንድ ዓመት የተሠሩ ናቸው፤ በቁመትም በጉልበትም እኩያ፤ ፋብሪካቸው ብቻ ለየቅል ነው። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መካኒክ ተከትሏቸው መጥቷል፤ ሁለቱ መካኒኮች ደግሞ የተጣሉ ጣውንቶች ናቸው። ዳለቻን የያዘው ረጅሙ፣ ቀዮ ለወሬ እንጂ ለሥራ አልተፈጠረም ይላል። ቀዮን የያዘው አጭሩ፣ ዳለቻ ከተሠራበት ብረት የማርያም ጣት የምታህል ቢላ እንኳ አይወጣም ይላል። ይህን ሁሉ ለአገሬው የሚያደርሰው የቡሬው ነጋዴ ዑስማን ነበር። በአሞሌና በአቡጀዲ ንግድ ምጽዋ ሲመላለስ የጣሊያንኛ ቋንቋ ስለለመደ አስተርጓሚ አድርገውታል። ያደረጉት ጠይቀውት አልነበረም።

የእርሻው አለቃ ሲኞር ቱሊዮ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት። የተመረጠው ዓይነት ለአገሩ ሁሉ በብዛት ይመጣል። በደረቁ መሬት ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስኬዳቸው እኩል አረሱ። መካኒኮቹ በጠረጴዛው ዙሪያ ሲጨቃጨቁ ሰልችቶት፣ በዚህ አገር በሬ የሚመርጥ ሰው አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ጥሩልኝ፣ እሱ ይምረጥ አለ። ግማሹ ቀልድ ነበር። ግማሹ ደግሞ አገሬው ራሱ መረጠው ለማለት ይመቸዋል።

ክንዱን ሊጠራ የሄደው ዑስማን ነው። ደግ ሰው ስለነበረ በመንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ነገረው። ትራክተሮቹ ከበቁ በሬ አያስፈልግም ተብሏል፤ ወጀት የሰፈረው ጦር ደግሞ ሥጋ ይፈልጋል። ወጀት ማለት ኋላ ፍኖተ ሰላም የተባለችው ናት።

«እና በሬዎቻችንን ሊበሏቸው ነው?» አለ ክንዱ።

«ትራክተሩ ከሠራ አዎ» አለ ዑስማን። «ካልሠራ ግን በምን ያርሳሉ?»

ክንዱ እርምጃውን አፈጠነ። ወይኖ በጣሊያን ድስት ውስጥ ሲገባ ታየው። ከጨፌው ሲደርስ ግን መላውን አግኝቶ ነበር። የሚበረታውንና የሚታመመውን ለይቶ ያውቃል፤ ካወቀ በኋላ ታማሚውን ያሞግሳል። ጣሊያን በታማሚ ትራክተር አገር ይሙላ፤ ክረምት ሲገባ ሁሉም ይወድቃሉ፤ በሬም ሰውም ይተርፋል። በሕይወቱ የሐሰት ፍርድ ፈርዶ ስለማያውቅ ትንሽ ከበደው። ቢሆንም ጣሊያንን ማታለል የሚያስኰንን አልመሰለውም፤ ጽድቅም ሳይኖረው አይቀርም ብሎ አሰበ።

ሁለቱ እስከ እኩለ ቀን ይረሱና ይቁሙልኝ አለ። ሲቆሙ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ዱላውን ይዞ፣ በሬ እንደሚያይ ዞራቸው። ኮፈናቸውን አስከፍቶ ወደ ውስጥ አየ። ጥርሳቸው እኩል ነው አለ፤ ዑስማን ይህን እንዴት እንደተረጎመው እሱ ያውቃል፤ መካኒኮቹ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ፊታቸውን በመዳፉ ዳበሰ። የቀዮ ፊት ደረቅ ነው። የዳለቻ ፊት ርጥብ ነበር፤ እንዲያውም ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ በሁለቱ መካከል መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ቀዮ ድምፁ ጠፍቷል፤ አፍጥጦ ቆሟል። ከዳለቻ ሆድ ግን ቂጭ፣ ቋ፣ ቂጭ፣ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል።

ያመሰኳል! ክንዱ ሳቁን ዋጠ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ይሆናል ብሎ አልገመተም። ዳለቻ ጤነኛ ነው፣ ቀዮ ለነሐሴም አይደርስ። ቀስ ብሎ ተነሣና በሙሉ ድምፁ ፈረደ፦

«ቀዮን ያዙ። የዚህን ዓይነት በሬ አባቴም አያቴም አላዩም።»

አጭሩ መካኒክ ክንዱን አቅፎ ሳመው። ክንዱ ፊቱን በጋቢው ጠርጎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስም የአገሩ አዳኝ እሱ እንደሆነ ለባንቺአየሁ ለሚስቱ ማታ ማታ ሲነግራት ከረመ።

ብረት ግን ከብት አይደለም። የዳለቻ ፊት የረጠበው የውሃ ቋቱ ተሸንቁሮ ነው። ሆዱ ቂጭ ቋ ያለውም ያለ ልክ ግሎ ሲበርድ ነው። ሰኔ ሳያልቅ ዳለቻ እንደ ሽሮ ድስት ተንፈቅፍቆ ቆመ፤ ረጅሙ መካኒክ አጠገቡ ተቀምጦ ሲያለቅስ ያዩት አሉ። ቀዮ ግን አረሰ። ጧት አረሰ፣ ቀትር አረሰ፣ ዝናብ ሲመጣ አረሰ፣ ዝናብ ሲያባራ አረሰ። አንድ ቀን አላሳለ፣ አንድ ቀን አልቆመ። ክንዱ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሆን ብሎ ዋሸ፣ ውሸቱም እውነት ሆኖ አረፈው።

በሐምሌ መግቢያ ላይ ትእዛዙ ወጣ። ከየጥማዱ አንድ አንድ በሬ ይምጣ። ሲኞር ቱሊዮ ይህን ያደረገው ለርኅራኄ ነው አሉ፤ ሁለቱንም አልወሰድኩም፣ አንዱን ትቼላቸዋለሁ ብሎ ነበር። አንድ በሬና አንድ ጫማ ለምን እንደሚሆኑ ግን አልተናገረም። ክንዱና እንዳለው ዕጣ ጣሉ። ዕጣው በወይኖ ወጣ።

ክንዱ ወይኖን ሊያስረክብ ሲነዳው መንገዱ ሁሉ ረዘመበት። በሬው ምንም አያውቅም፤ ከቅጠሉ እየቀነጠሰ፣ ከውሃው እየጠጣ፣ ተዝናንቶ ይሄዳል። በረቱን ዘግተው ሲመልሱት ወይኖ በእንጨቱ መካከል አፍንጫውን አውጥቶ አየው። ክንዱ አፍንጫውን ዳብሶ ተመለሰ። ቤቱ ሲገባ እህል አልበላም። እንባው መጣበት፤ አልደበቀውም።

ባንቺአየሁ ብታዝንለት ኖሮ ደስ ይለው ነበር። እሷ ግን ከምድጃው ዞር ሳትል «አንቱ ሰው» አለችው፣ «እንደ ልማድዎ ያመኑበትን ቢናገሩ ኖሮ እኮ ዳለቻን ያዙ ይሉ ነበር። በሬያችንም ቤቱ ነበር። ምነው የዚያን ዕለት ብቻ ቀደዱ?»

ክንዱ ተነሥቶ ባዶውን የወይኖን ጋጣ ሊጠርግ ወጣ።

ዕርዱ ለሐምሌ ሥላሴ ማግስት ተቆረጠ። ሲኞር ቱሊዮ በዕለተ ሥላሴ አገሬውን ሰብስቦ የቀዮን ጉልበት ሊያሳይ ፈለገ። ሰው ሁሉ በዓሉን አክብሮ፣ ነጭ ለብሶ፣ ሳይወድ በግድ ከጨፌው ዳር ቆመ። ከበረቱ ውስጥ በሬዎቹ ይታያሉ። የቀረው ያልታረሰ መሬት የጨፌው እምብርት ነበር፤ ጥቁር መረሬ አፈር፣ ክረምት ከገባ በኋላ ውሻ እንኳ የማይሻገረው። ቄስ ወልደ ዮሐንስ በሥላሴ ቀን ማረስ ነውር ነው ብለው ቢያስነግሩ ሲኞር ቱሊዮ ሳቀ። ቀዮ በዓል አያውቅም አለ።

እውነቱን ነው፤ ቀዮ በዓልም ድካምም አያውቅም ነበር። ወደ እምብርቱ ገባ። ጎማው ሰምጦ ሲሽከረከር ጮኸ እንጂ አልቆመም። ዳለቻ ቢሆን ኖሮ ገና ከዳሩ ላይ ታሞ ይቀር ነበር። ሀኬተኛ በሬም ቢሆን እግሩን አንሥቶ አሻፈረኝ ይል ነበር። ቀዮ ግን ብርቱ ነዋ! በብርታቱ እየቆፈረ፣ በብርታቱ እየወረደ፣ እስከ መቀመጫው ድረስ ሰመጠና እየተንተፋተፈ ዝም አለ። አጭሩ መካኒክ በአንድ ጫማ ወጣ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ሕዝቡ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ።

ሲኞር ቱሊዮ ወታደሮቹን በሬዎቹን አውጥታችሁ ጥመዱና ጎትቱ አላቸው። ወታደሮቹ ወይኖን ከማያውቀው በሬ ጋር አጣመዱት። ወይኖ ዞሮ አዲሱን ጓደኛውን ወጋው፣ ቀንበሩን ሰበረ፣ ከዚያም በኩራት ወደ በረቱ ተመለሰ። ሌሎቹም ከዚያ የተሻሉ አልሆኑም። በመጨረሻ ባለቤቶቹ ይምጡ ተባለ።

ዑስማን ትእዛዙን ለሕዝቡ አስተላለፈ። ማንም አልተነቃነቀም። ክንዱ ወደ ፊት ወጣና ዛሬ ሥላሴ ስለሆነ በሬ አይጠመድም አለ። ነገ ይሆናል፤ ነገም ቢሆን እያንዳንዱ በሬ ከቤት ከቀረው ጓደኛው ጋር እንጂ ከባዳ ጋር አይጎትትም። ሲኞር ቱሊዮ ቀዮን አየ፤ እያዩት እንኳ ጥቂት በጥቂት ይወርዳል። ሰማዩም ጠቁሯል።

«ንገረው» አለ ክንዱ ለዑስማን። «በእኛ ዘንድ የሚታረድ በሬ አይጎትትም፣ የጎተተ በሬም አይታረድም። አንዱን ይምረጥ።»

እንዲህ ያለ ሕግ በጎጃም ምድር ተሰምቶ አያውቅም። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ግን ከኋላ ሆነው በጽሑፍ ያለ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲኞር ቱሊዮ ጥቂት ካሰበ በኋላ የጎተተ በሬ ከጓደኛው ጋር ቤቱ ይግባ፣ መጎተት ያቃተው ግን እዚሁ ይቀራል አለ። ይህንም በሕዝቡ ፊት አለ።

ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ተመለሰ። ክንዱና እንዳለው ብቻ እርስ በርስ ተያዩ። ጉተታው ከጧት ይጀመራል፤ ቀዮ ግን በእኩለ ቀን ቀርቶ በሠርክም የሚወጣ አይመስልም። ወይኖ ደግሞ ሰዓቱን ያውቃል።

በማግስቱ ሃያ ጥማድ በሬ በጠፍርና በሰንሰለት ተሳስሮ ተሰለፈ። ወይኖና ሻሾ ከፊት ሆኑ። ክንዱ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። በየባለቤቱ አፍ በሬው በስሙ ተጠራ፣ ጅራፍ ጮኸ፣ ሰንሰለቱ ተወጠረ። ቀዮ ንቅንቅ አላለም። ደግመው ሳቡ። ጭቃው እንደ ሊጥ ልጥጥ አለና አንድ ክንድ ያህል ለቀቀው። በዚያው ዓይነት ረፋዱ አለፈ፤ ሲጎትቱ ይወጣል፣ ሲያርፉ ይመለሳል።

ደመናው ተገለጠና ፀሐይ ወጣች። ክንዱ ጥላውን አየ፤ እግሩ ሥር ገብቷል። ወይኖ ጆሮውን ጣለ። ክንዱ ያን ጆሮ ያውቀዋል። ከጆሮው ቀጥሎ ጉልበቱ ነው።

ክንዱ ጅራፉን ለእንዳለው ሰጠና የወይኖን አንገት በክንዱ አቅፎ፣ አፉን ከጆሮው አስጠግቶ ተናገረው። የነገረውን ለማንም አላወጣም። እንዳለው ግን በቅርብ ስለነበረ ሰምቷል፦ «ወንድምዬ፣ ዛሬን ብቻ። ከነገ ጀምሮ ከፈለግህ ከጧት ተኛ።»

እንዳለው የእርሻ ዘፈኑን አነሣ፤ ሌላው ተቀበለ። ሃያው ጥማድ በአንድ ጊዜ ሳበ። ወይኖ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ሻኛው ተወጠረ፣ ሰኮናው መሬቱን ቧጠጠ። ከኋላ አንድ ትልቅ የጭቃ ትንፋሽ ተሰማ፤ ቀዮ እየተንገዳገደ ደረቁ ላይ ወጣ። ሕዝቡ እልል አለ።

ወይኖም እልልታው ሳያልቅ፣ ቀንበሩ ሳይወርድለት፣ በሲኞር ቱሊዮ ፊት ጉልበቱን አጥፎ ተኛ።

እልልታው ቀስ በቀስ ጠፋ። የበሬ ነገር የማያውቅ በዚያ ሜዳ አልነበረም፤ ደክሞት የወደቀና ለምዶበት የተኛ በሬ ልዩነቱን ሁሉም ያውቃል። ከማንኩሳ ገበያ በሬ የገዛው ሁሉ ዓይኑን ከወይኖ ወደ ክንዱ አዞረ። ሲኞር ቱሊዮም ዱላውን ወደ ወይኖ ቀስሮ አንድ ነገር አለ። ይህኛው አልቻለም፣ ይቀራል ማለቱ እንደሆነ ዑስማን ሳይተረጉም ገባቸው።

ክንዱ ከወይኖ ፊት ቆመ።

«ንገርልኝ፣ ዑስማን። የእኔ በሬ ሥራውን ጨርሶ ተኛ። የእርስዎን ግን ተኝቶ ነው ያገኘነው።»

ዑስማን ይህን ረዘም፣ ለስለስ አድርጎ ተረጎመው። ሲኞር ቱሊዮ ወይኖን አየ፤ ከዚያ በጭቃ የተለወሰውን ቀዮን አየ፤ ከዚያ ዳግመኛ ጠቁሮ ሊዘንብ የደረሰውን ሰማይ ለረጅም ጊዜ አየ። ሐምሌ ገና ስምንት ነው፤ ከፊቱ ክረምት ሙሉ አለ። እጁን አወዛውዞ ሄደ። በሬዎቹ እስከ መስከረም ድረስ ለሚሰምጠው ሁሉ ይጠበቃሉ ተባለ፤ መስከረም ሲመጣም ያስታወሳቸው የለም።

ሰዉ በሬውን እየፈታ መሄድ ሲጀምር፣ አንድ ሽማግሌ ወደ ክንዱ ጠጋ አሉ። ባለፈው ጥቅምት በክንዱ ቃል በሬ ገዝተዋል።

«አያ ክንዱ» አሉት፣ «ይህ በሬ ይተኛል እንዴ?»

ክንዱ እንዳለውን አየ። እንዳለው ሰማዩን ያያል። ደክሞት ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ብዙዎቹም ሊያምኑት ዝግጁ ነበሩ።

«ይተኛል» አለ ክንዱ። «ከገዛሁት ቀን ጀምሮ ይተኛል። ተሳስቼ ነው የገዛሁት።»

ሽማግሌው ብዙ ሳቁ። እስከ ማታ ወሬው ማንኩሳ ደርሶ በደምበጫ በኩል አለፈ፤ በሚቀጥለው ገበያም «እስቲ ይዩልኝ» ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም እንግዳ ነበር። ክንዱ ግን ያን ዕለት ስለ ገበያው አላሰበም። ቀንበሩን አውርዶ፣ ጋቢውን አንጥፎ ከወይኖ ጎን ቁጭ አለ፤ ቆሎውንም አወጣ። አፍንጫውን ዳበሰው። ርጥብ ነው።

ቀዮ ከጀርባቸው ድምፁን አጥፍቶ ቆሟል። ወይኖ ጋደም እንዳለ ማመስኳት ጀመረ።